«ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ይበልጥ ቀንጭረዋል» የሚል ውጤት ሲወጣ፦ ስለ ኮዱና ስለ ክርክሩ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ሌሎች አንባቢያንም እንዲከታተሉት አስቀድሜ ባጭሩ ላስቀምጠው። ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍዎ የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዳታ በአር ፕሮግራም እየተነተኑ ነው (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ወር የሆኑ ሕፃናትን መርጠው፣ መቀንጨርን (ለዕድሜ ከሚጠበቀው ቁመት በታች ማጠርን) እንደ ውጤት፣ እናቲቱ አሁን ጡት ታጠባለች ወይ የሚለውን ደግሞ እንደ ዋና መንስኤ ይዘው፣ የናሙና ክብደቱን ቪ005ን (በናሙናው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ሰው እንደሚወክል የሚያመላክተውን ቁጥር) ሪግሬሽን በሚሠራው በጂኤልኤም ትዕዛዝ ውስጥ አስገብተው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠሩ። የሚጠቡት ሕፃናት የመቀንጨር ኦድስ (የቀነጨሩት ብዛት ላልቀነጨሩት ብዛት ሲካፈል) ከማይጠቡት 1.6 እጥፍ ሆኖ ወጣ፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ ሁሉ ደግሞ ፒ ቫልዩው (ትስስር ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመውጣቱ ዕድል) ፕሮግራሙ ሊያሳየው ከሚችለው ትንሹ ቁጥር በታች ሆነ። ውጤቱን ለባልደረቦችዎ ሲያሳዩ የኮዱ ጉዳይ ተረሳ። አንዳንዶቹ «ድሮም ቢሆን ጡት ከዓመት በኋላ ጥቅም የለውም» አሉ፣ ሌሎቹ «ዳታው ራሱ ሐሰት ነው» አሉ፣ ክርክሩም እርስዎ የጠየቁትን ነገር ሳይመልስ ቀረ። እርስዎም «የተሳሳተው ኮዴ ነው ወይስ ስለ ጡት የምናውቀው ነገር?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሴ ኮዱ ተሳስቷል የሚል ነው፤ ያውም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ። ሆኖም ኮዱ ሙሉ በሙሉ ከታረመ በኋላም ውጤቱ ወደዚያው አቅጣጫ ያዘነበለ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጡት ማጥባት ልጅን ያቀነጭራል ማለት አይደለም። ባልደረቦችዎ የገቡበት ክርክር ከርዕስ የወጣ ቢመስልም፣ አንዱ ክፍል መልሱን የሚያገኘው ተለዋዋጮቹን በመረጡበትና ናሙናውን በገለጹበት የኮድ መስመር ላይ ነው፤ ሌላው ክፍል ግን የዚህ ዓይነት ዳታ በምንም ኮድ ሊመልሰው የማይችል ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከክብደቱ እጀምራለሁ፤ ያ ሁሉ ፒ ቫልዩ ወደ ዜሮ የወረደው በእርሱ ምክንያት ነውና። በዳሰሳው ፋይል ውስጥ ቪ005 የተቀመጠው የአስርዮሽ ነጥቡ ተነሥቶለት ነው፤ ትክክለኛው ክብደት የሚገኘው ቁጥሩ ለ1,000,000 ሲካፈል ነው። 1.2 የሆነ ክብደት በፋይሉ ውስጥ 1,200,000 ሆኖ ይታያል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ የአር ጂኤልኤም ትዕዛዝ በሁለትዮሽ ውጤት ላይ ክብደት ሲሰጠው የናሙና ክብደት ነው ብሎ አይረዳም፤ «ይህ መስመር ስንት ጊዜ ተደግሞ የታየ ሕፃን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ አንዱን ሕፃን አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሕፃናት አደረገልዎ። 4 ሺህ ያህል ሕፃናት ይዘው ቢነሡ፣ ፕሮግራሙ የተረዳው 4 ቢሊዮን ገደማ፣ ማለትም የዓለምን ሕዝብ ግማሽ ያህል ሕፃናት ቁመታቸውን እንደለኩ ነው። መደበኛ ስህተት (ግምቱ በናሙና አጋጣሚ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው ቁጥር) በናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚቀንስ፣ የእርስዎ መደበኛ ስህተት ከሚገባው በ1,000 እጥፍ ያህል አንሶ ወጣ። 1.6 የተባለው ቁጥር ግን በዚህ አልተነካም፤ ክብደቶቹ ሁሉ በአንድ ቁጥር ቢባዙ ወይም ቢካፈሉ የነጥብ ግምቱ አይለወጥም። የተበላሸው በግምቱ ላይ ያለዎት እርግጠኝነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የተሳሳተው ኮድ ሲሠራ አንዳች ማስጠንቀቂያ አላሳየም፤ ምክንያቱም ጥሬዎቹ ክብደቶች ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ፕሮግራሙ የሚያጠራጥር ነገር አላየም። ለሚሊዮን አካፍለው እንደገና ሲያስኬዱት ግን «የስኬቶቹ ብዛት ሙሉ ቁጥር አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ተማሪውም የነካው ነገር ተበላሸ ብሎ ወደ መጀመሪያው ስሕተት ይመለሳል። ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ የትክክለኛነት ምልክት አይደለም፤ ፕሮግራሙ የሚያየው የቁጥሮቹን ቅርጽ እንጂ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ አይደለም።

ለሚሊዮን ማካፈሉም ብቻውን አይበቃም። ዳሰሳው ሕፃናቱን ከመላ አገሪቱ አንድ በአንድ በዕጣ የመረጠ አይደለም። በመጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ 202ቱ በከተማ፣ 443ቱ በገጠር፤ ከዚያም ከየቆጠራ ቦታው 28 ቤተሰቦች ተወሰዱ። በአንድ የቆጠራ ቦታ የሚኖሩ ልጆች የሚጠጡት ውኃ፣ የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ፣ የእርሻው ዓይነትና የከፍታው መጠን ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ከአንድ ቦታ የተወሰዱ አሥር ልጆች ከአሥር የተለያዩ ወረዳዎች የተወሰዱ አሥር ልጆች የሚሰጡትን ያህል መረጃ አይሰጡም። ይህን ለፕሮግራሙ የሚነግሩት በአር ውስጥ ሰርቬይ በሚባለው ፓኬጅ ነው። የናሙናው አወቃቀር ሲገለጽ ቪ021 የክላስተሩን (የቆጠራ ቦታውን) ቁጥር፣ ለሚሊዮን የተካፈለው ቪ005 ክብደቱን፣ ቪ023 ደግሞ ስትራታውን፣ ማለትም ናሙናው ከመመረጡ በፊት አገሪቱ የተከፈለችባቸውን ክፍሎች ይይዛል። ስትራታው በትክክል መግባቱን የሚያረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ፦ እያንዳንዱ ክልል ከተማና ገጠር ተብሎ ስለተከፈለ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሁሉም ከተማ ስለሆነች፣ የተለያዩት ስትራታዎች ሲቆጠሩ 21 መሆን አለባቸው። 21 ካልመጣ ክልልን ከያዘው ቪ024ና መኖሪያን ከያዘው ቪ025 አጣምረው ራስዎ ይሥሩት። ሪግሬሽኑን በሰርቬይ ፓኬጁ ጂኤልኤም፣ «ፋሚሊ» (ቤተሰብ) የተባለውን የሞዴል ዓይነት ኳዚባይኖሚያል አድርገው ሲያስኬዱት ያ ማስጠንቀቂያም ይጠፋል፤ መደበኛ ስህተቱም እውነተኛውን መጠን ይይዛል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ ከ12 እስከ 35 ወር ያሉትን ሕፃናት የሚለዩት የናሙናው አወቃቀር ከተገለጸ በኋላ መሆን አለበት። ሌሎቹን መስመሮች አስቀድመው ከሰረዟቸው ፕሮግራሙ ባዶ የቀሩትን የቆጠራ ቦታዎች እንደሌሉ ይቆጥራቸዋል፤ መደበኛ ስህተቱም እንደገና ይዛባል። ኤስፒኤስኤስ በተባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠሩ ባልደረቦችዎ «ዌይት ኬዝስ» የሚለውን ሲጫኑ የሚያደርጉት ያንኑ እርስዎ በመጀመሪያ ያደረጉትን እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ለእነርሱ የሚያስፈልጋቸው «ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ» የተባለው ክፍል ነው። በስታታ ፕሮግራም «ኤስቪዋይ ሴት»፣ በሳስ ፕሮግራም ደግሞ «ሰርቬይ ሎጂስቲክ» የተባለው ፕሮሲጀር ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም 1.6 የተባለውን ቁጥር ራሱን ይነካል። መንስኤ አድርገው የያዙት ቪ404 ነው። ይህ ተለዋዋጭ የሚናገረው ስለ እናቲቱ ነው፤ እናቲቱ በዚህ ሰዓት እያጠባች መሆን አለመሆኗን ይገልጻል። በሕፃናት ፋይል ውስጥ ግን እያንዳንዱ መስመር አንድ ልጅ ሲሆን፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ሁለት ልጆች የወለደች እናት ሁለት መስመር አላት፤ ቪ404 በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል። አንዲት እናት የ4 ወር ሕፃን እያጠባች የ30 ወር ታላቅ ወንድሙን ካስጣለች ቆይታ እንደሆነ ያስቡ። በእርስዎ ዳታ ውስጥ ያ ታላቅ ወንድም «የሚጠባ» ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ልጅ ደግሞ የተለየ ልጅ ነው፦ ታናሹ ፈጥኖ ስለመጣበት ጡት ያለጊዜው የተወው፣ የእናቱም ጉልበትና የቤቱ ምግብ የተከፈለበት ነው። በአጭር የወሊድ ርቀት የተከታተሉ ልጆች ለመቀንጨር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ ሞዴሉ ጡት የተነፈገውን ልጅ ጉዳት በጡት ላይ ጽፎታል ማለት ነው። ባልደረቦችዎ ስለ ጡት ጥቅምና ጉዳት ሲከራከሩበት ከነበረው ቁጥር ውስጥ የማናውቀው ያህል ክፍል ከዚህ የመጣ ነው።

የሚታረመው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያ፣ ስለ ልጁ ራሱ የሚናገረውን ኤም4ን ይጠቀሙ፤ በእርሱ ውስጥ 95 ማለት ልጁ አሁንም እየጠባ ነው፣ 94 ማለት ደግሞ ፈጽሞ ጠብቶ አያውቅም ማለት ነው። ቀጥሎ፣ ትንታኔውን ለእያንዳንዷ እናት በመጨረሻው ልጅ፣ ያውም ከእናቱ ጋር በሚኖረው ላይ ይገድቡት፤ ቢ9 የተባለው ተለዋዋጭ ዜሮ ሲሆን ልጁ ከእናቱ ጋር ይኖራል ማለት ነው። ይህ ገደብ ናሙናዎን ያሳንሰዋል። ይሁን፤ ያነሰ ናሙና ሆኖ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚመልስ ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ መቀንጨርን የገለጹበት መንገድ ነው። ከልጁ ዕድሜ አንጻር ቁመቱን የሚለካው ዜድ ስኮር (ቁመቱ ከእኩዮቹ መካከለኛ ቁመት ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር)፣ ኤችደብሊው70፣ በ100 ተባዝቶ ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ከ−200 በታች ያለው የቀነጨረ ነው፤ ይህን በትክክል አድርገዋል። ነገር ግን «ከ−200 በታች ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0» ብለው ሲጽፉ 9996፣ 9997ና 9998 የሚሉት ኮዶች ዜሮ ሆነው ገብተዋል። እነዚህ ልኬቶች አይደሉም፤ ቁመቱ ወይም ዕድሜው ሊሆን ከሚችለው ወሰን ውጭ ሆኖ የተገኘባቸው ልጆች ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ልጆች የተወለዱበት ቀን በትክክል ባልታወቀበት፣ ለመለካትም ባልተመቸ ሁኔታ ውስጥ የሚበዙ በመሆናቸው፣ «ያልቀነጨሩ» ብሎ መመዝገቡ ውጤቱን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። እንደ ጎደለ መረጃ ይቁጠሯቸው።

እዚህ ላይ ለማንኛውም የዳሰሳ ተንታኝ የምሰጠውን ምክር ለእርስዎም እሰጣለሁ። አንድም ሪግሬሽን ከመሥራትዎ በፊት በይፋ የታተመ አንድ ቁጥር በራስዎ ኮድ ያውጡ። የዚያ ዳሰሳ ሪፖርት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን ይገልጻል። ይህ የተሰላው ከቤተሰብ አባላት ፋይል ነው፤ እዚያ ዜድ ስኮሩ ኤችሲ70፣ ክብደቱ ኤችቪ005 ሲሆን፣ የሚቆጠሩትም ባለፈው ሌሊት በቤቱ ያደሩት፣ ማለትም ኤችቪ103 1 የሆነላቸው ልጆች ናቸው። እርስዎ የያዙት ፋይል ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸውን እናቶች ልጆች ብቻ ስለሚይዝ በትንሹ የተለየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከቤተሰብ አባላት ፋይሉ 38 ሲወጣልዎ ክብደቱን፣ ምልክት የተደረገባቸውን ኮዶችና የልጆቹን አመራረጥ በአንድ ጊዜ መርምረው አለፉ ማለት ነው። ካልወጣ ደግሞ ስሕተቱ ሞዴል ውስጥ ሳይደበቅ ገና ግልጽ ሆኖ ሳለ ያገኙታል። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ቢሆን ነው፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ሳያደርጉት ያልፋሉ፤ ይህም ያሳስበኛል።

ስለ ኦድስ ሬሾ አጠር አድርጌ ልናገር። በጽሑፍዎ ላይ 1.6ን «የመቀንጨር ዕድላቸው 1.6 እጥፍ ነው» ብለው ተርጉመውታል። ውጤቱ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ቢሆን ኖሮ ይህ ብዙ ባላሳሳተ፤ መቀንጨር ግን ከሦስት ልጆች ከአንዱ በላይ የሚደርስ ነው። ከአንዱ ወገን 30 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 45 በመቶ ቢቀነጭሩ ዕድሉ 1.5 እጥፍ ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 1.9 ይሆናል። ስለዚህ ኦድሱን እንደ ዕድል ማንበብ ልዩነቱን አግዝፎ ያሳያል፤ ክርክርንም ከሚያቀጣጥሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በዚያው በሰርቬይ ፓኬጅ የሞዴሉን «ፋሚሊ» ኳዚፖይዘን ቢያደርጉት በቀጥታ የምጣኔዎቹን ንጽጽር ያገኛሉ፤ የጤና ባለሙያ ላልሆነ አንባቢም ያው ይቀላል።

ወደ ሞዴሉ አሠራር ስንመጣ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ለብቻው ሪግሬሽን ሠርተው፣ ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ጋራው ሞዴል እንዳስገቡ ጽፈዋል። ይህ በአገራችን የሕብረተሰብ ጤና ጽሑፎች ዘንድ ሕግ እስኪመስል ድረስ የተለመደ አሠራር ነው፤ እርስዎም የተማሩትን ነው ያደረጉት። በእርስዎ ሁኔታ በክብደቱ ስሕተት ምክንያት ሁሉም ተለዋዋጭ አልፏል፤ ማጣሪያው ምንም አላጣራም። ነገር ግን ክብደቱ ትክክል ቢሆንም ይህ አሠራር ለእርስዎ ጥያቄ አይሆንም። ፒ ቫልዩ የሚያውቀው ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ የትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ አይደለም። ጡት በመቀንጨር ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማወቅ ከፈለጉ ሊያስገቡት የሚገባው ሁለቱንም አስቀድሞ የሚነካውን ነገር ነው፦ የቤተሰቡን የሀብት ደረጃ፣ የመኖሪያ ቦታን፣ የእናቲቱን ትምህርት፣ የእናቲቱን ቁመት፣ ከቀዳሚው ልጅ ጋር ያለውን የወሊድ ርቀት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታየ ተቅማጥ ግን ከጡት በኋላ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጡት ልጁን የሚጠብቀው ተቅማጥን በመከላከል ከሆነ፣ ተቅማጥን በሞዴሉ ውስጥ አስገብቶ «እኩል» ማድረግ ያንኑ ጥቅም መሰረዝ ነው። አሁን ያለው የልጁ ክብደትም እንዲሁ የዚያው የአመጋገብ ታሪክ ውጤት ስለሆነ እንደ ቀዳሚ ምክንያት ሊገባ አይገባውም።

ዕድሜ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ12 ወር ወደ 35 ወር በሚኬድበት ጊዜ የሚጠቡት ልጆች ቁጥር በፍጥነት ይወርዳል፤ የመቀንጨር መጠን ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ውስጥ በፍጥነት ይጨምራል። ሁለቱም በቀጥታ መስመር አይሄዱም። ዕድሜን «ከ12–23» እና «ከ24–35» ብለው በሁለት ከከፈሉት፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ ያሉት የ13 ወርና የ22 ወር ልጆች አንድ ዓይነት እንደሆኑ ቆጥረዋል፤ የቀረው የዕድሜ ልዩነት ሁሉ በጡት ስም ይጻፋል። ዕድሜን በወር ይያዙት፤ የሚጎብጥ ቅርጽ እንዲኖረውም ስፕላይን ይጠቀሙ። ይህን ሁሉ ምርጫ ውጤቱን ከማየትዎ በፊት በወረቀት ላይ ቀስቶች እየሠሩ፣ ምን ምንን ያመጣል እያሉ ቢወስኑ፣ አማካሪዎ «ለምን ይህን አስገባህ?» ሲልዎት የሚመልሱት ነገር ይኖርዎታል።

አሁን እንበልና ይህን ሁሉ አረሙ፤ ውጤቱም ወደ 1.2 ወይም 1.3 ወረደ፣ ነገር ግን የሚጠቡት ልጆች አሁንም ይበልጥ ቀንጭረው ተገኙ። ባልደረቦችዎ የተከራከሩበት ትክክለኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ከዓመት በላይ የሆነ ልጅ ያላት እናት ጡት መቼ እንደምታስጥል በዕጣ አትወስንም። ልጁ ጠንክሮ፣ ምግብ በልቶ፣ ሮጦ ሲጫወት ያየች እናት ታስጥላለች፤ ከሲታ የሆነ፣ ምግብ የማይወስድ፣ በተቅማጥና በሳል የሚመላለስ ልጅ ያላት ግን ያለውን ብቸኛ አስተማማኝ ምግብ ከአፉ ለመንጠቅ ትፈራለች። ስለዚህ በአንድ ቀን ቤቷን ብንጎበኝ፣ የሚጠባው ልጅ ያጠረ ሆኖ የምናገኘው ስለጠባ ሳይሆን፣ አጥሮና ተዳክሞ ስለነበር ጡት ስላልተከለከለ ሊሆን ይችላል። መንስኤና ውጤት ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ዳርቻ የሚኖሩ ሕፃናትን የተከታተለና በ1997 የታተመ ጥናት ይህንኑ ተቃራኒ ውጤት አግኝቶ፣ ተመራማሪዎቹ ጉዳዩን ሲመረምሩት የልጁ ደካማ ዕድገትና ተደጋጋሚ ሕመም እናቲቱ ጡት ማጥባትን እንድትቀጥል ማድረጉን አሳይተዋል። በገጠር ሴኔጋል የተሠራውና በ2001 የታተመው ጥናት ደግሞ ሕፃናቱን በጊዜ ሂደት ስለተከታተለ፣ ረዘም ላለ ጊዜ መጥባት ከተሻለ የቁመት ዕድገት ጋር መያያዙን አግኝቷል። 

«እንግዲያው ያልወደድነውን ውጤት ሁሉ መንስኤው ተገልብጧል እያልን ልንጥለው ነው?» የሚል ባልደረባ ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በታሪክም ከባድ ምሳሌ አለው። ዛሬ የምንጠቀምባቸውን ብዙ የስታቲስቲክስ ዘዴዎች የፈጠረው ሮናልድ ፊሸር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ተቃውሞ፣ ምናልባት በሽታው ገና ሲጀምር የሚፈጥረው ስሜት ሰውን ወደ ማጨስ ይገፋው ይሆናል፣ ወይም በዘር የሚወረስ አንድ ነገር ሁለቱንም ያመጣ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። በሒሳቡ ታላቅ የነበረው ሰው በጤናው ጉዳይ ተሳሳተ። በ1959 ጀሮም ኮርንፊልድና አብረውት የጻፉት ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ ለእርስዎም ይጠቅማል፦ አጫሾች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 9 እጥፍ ከሆነና ይህን የሚያብራራው ሌላ የተደበቀ ነገር ነው ከተባለ፣ ያ ነገር በአጫሾች ዘንድ ከማያጨሱት ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ይህንኑ ሚዛን ወደ እርስዎ ጉዳይ ያምጡት። 1.2 ወይም 1.3 የሆነን ልዩነት ለማብራራት ይህን ያህል የበረታ ድብቅ ነገር አያስፈልግም፤ በአንድ ቀን መጠይቅ ያልተያዘ የሕመም ታሪክ፣ የተጨማሪ ምግብ ጥራት ወይም የቤቱ የምግብ እጥረት ይበቃዋል። «መንስኤው ተገልብጧል» የሚለው ማብራሪያ ተቀባይነት የሚያገኘው ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ፣ አካሄዱ በሌሎች አገሮች በተከታታይ ጥናት ስለታየና የእናቶቹ ውሳኔ ራሱ ስለሚታወቅ ነው። በሲጋራው ጊዜ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

በዕጣ የተመደበ ጥናት አለ ወይ ለሚሉትም መልስ አለ፤ በቤላሩስ በ31 የማዋለጃ ሆስፒታሎች በ1996ና በ1997 ከ17,046 እናቶችና ሕፃናት ጋር የተካሄደውና በ2001 የታተመው ነው። ጡት እንዳይጠባ ማድረግ ከሥነ ምግባር ውጭ ስለሆነ፣ በዕጣ የተመደበው ጡት ማጥባትን የማበረታታት ፕሮግራሙ ነበር። ፕሮግራሙ በተሰጠበት ወገን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሆድና በአንጀት ኢንፌክሽን የተያዙት ሕፃናት 9.1 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 13.2 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ስለ መጀመሪያው ዓመት እንጂ እርስዎ ስለያዙት የዕድሜ ክልል በቀጥታ አይናገርም፤ ንጹሕ ውኃ በየቤቱ ባልደረሰበት አካባቢም አልተካሄደም። ይህን ገደብ ሳይደብቁ ቢጠቅሱት መልካም ነው። «ጡት ከዓመት በኋላ ጥቅም የለውም» ላሉት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የእናት ጡት ልጁ ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶውን ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥልም ይመክራል። ያልታረመ ክብደት ያለው አንድ ሪግሬሽን ይህን ምክር ሊያናውጥ አይችልም፤ የታረመውም ቢሆን በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ዳታ የተሠራ እስከሆነ ድረስ እንዲሁ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍዎ ርዕስ «ጡት ማጥባት ለመቀንጨር አጋላጭ ነው» ብሎ ቢወጣ፣ ማጠቃለያውን ብቻ የሚያነብ ሰው ይኖራል፤ ከእርሱ የሰማ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይኖራል፤ በመጨረሻም ከሲታ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እናት ትኖራለች። እርሷ ዘንድ ሲደርስ ፒ ቫልዩውም ኦድስ ሬሾውም ተረስተው የሚቀረው «ጡት አስጥይው» የሚለው ቃል ነው።

ስለዚህ በውጤት ክፍልዎ ላይ የታረመውን ግምት ከእርግጠኝነት ክልሉ (ከዳታው ጋር ከሚስማሙት ግምቶች ታችኛና ላይኛ ወሰን) ጋር ያስቀምጡ፤ «ተያይዞ ተገኝቷል» ይበሉ እንጂ «ይጨምራል» ወይም «አጋላጭ ነው» አይበሉ። በውይይት ክፍሉ የፔሩንና የሴኔጋሉን ጥናት አንሥተው ዳታዎ መንስኤውን ከውጤቱ ሊለይ የማይችልበትን ምክንያት ይግለጹ። ከዚያም አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያክሉ፦ መገለባበጡ እውነት ከሆነ፣ በጡትና በመቀንጨር መካከል ያለው ትስስር ይበልጥ የሚጎላው ተጨማሪ ምግባቸው ደካማ በሆነ ልጆች ዘንድ ሊሆን ይገባል፤ በፔሩም የታየው ይኸው ነበር። ዳሰሳው ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑና ከእናታቸው ጋር ለሚኖሩ የመጨረሻ ልጆች ባለፈው ቀንና ሌሊት የበሉትን ይመዘግባል። ትንታኔዎን ከ12 እስከ 23 ወር ባሉት ላይ ገድበው፣ ጡትን ከምግብ ዓይነቶች ብዛት ጋር በማባዛት ወደ ሞዴሉ ቢያስገቡት ይህን ማየት ይችላሉ። ናሙናው እያነሰ ስለሚሄድ የእርግጠኝነት ክልሉ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ሰፊ ከሆነም ሰፊ እንደሆነ ይጻፉት።